ከሃያ አንደኛው ዙር በኋላ

ሞንትሪያል፣ ካናዳ
ኖቬምበር 4 ቀን 1975

ለተከበርሽው አክስቴ ለወይዘሮ ዊኒፍሬድ ኦርጊል
ሂንክሊ፣ እንግሊዝ

ይህ ወረቀት ከእጅሽ ሲደርስ ጤናና ሰላም ቀድመውት ከቤትሽ ገብተው ይጠብቁሽ። የጉልበትሽ ሕመም እንዴት ሆነልሽ? እዚህ በረዶው ከወዲሁ መሬቱን ሸፍኖታል። እኔ ደኅና ነኝ።

ሃያ ወር ሙሉ ሳልጽፍልሽ መቅረቴን አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ሮላንድን ከቀበርን በኋላ ላንቺ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠፋኝ። ላንቺ አንድ ልጅሽ ነበር። ለእኔም የአክስት ልጅ ብቻ አልነበረም። እናቴ ሞታ በአሥራ አንድ ዓመቴ ከቤትሽ ስገባ አልጋውን ያካፈለኝ እሱ ነው። በኋላም "ሰባት ገመድ" ያልነውን ባንድ አብረን አቋቁመን፣ እሱ እየዘፈነ እኔ ኦርጋን እየተጫወትኩ ሦስት አልበም አውጥተናል።

የመጀመሪያው፣ "የጭቃው ንጉሥ"፣ በዚያ በተዘጋው ጸሎት ቤት ውስጥ በሦስት ቀን የቀዳነው፣ በወጣበት ዓመት አራት መቶ ሰው እንኳ አልገዛውም ነበር። ዛሬ እዚህ ያሉ ተማሪዎች እየተዋዋሱ ያዳምጡታል። ሁለተኛውን፣ "የሰመጠው መንደር"ን፣ የሸክላው አንዱ ገጽ ሙሉውን አንድ ዘፈን የሆነውን፣ እንግሊዝኛ የማያውቁት ሳይቀሩ በቃላቸው ይሉታል። ውኃ የዋጠው መንደር ደወል ደዋዮቹን ፍለጋ ከሐይቁ ሲወጣ፣ ሮላንድ አንቺ የሰፋሽለትን የደወል ልብስ ለብሶ ከመድረኩ ጀርባ ቀስ እያለ ሲመጣ፣ ያን ያዩ ሰዎች ዛሬም ያወሩታል።

ጉዳዬ ይኸውልሽ። ቤልጂየም ውስጥ ጌንት ከተማ ያቀረብነው የመጨረሻው ትርዒት በቴፕ ተቀድቷል። አሳታሚው ኩባንያ በአልበም ሊያወጣው ይፈልጋል። የሮላንድ ድምፅ ስላለበት ያለ ወራሹ ፊርማ አይሆንም፤ ወራሹ ደግሞ አንቺ ነሽ። ቴፑንና ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ማዳመጡ ከከበደሽ ተይው። በእርሳስ ምልክት ያደረግሁበት ላይ ብቻ ፈርሚ። ከገና በፊት ቢደርሰን መልካም ነው።

እግዚአብሔር ያጽናሽ።

የእህትሽ ልጅ
ኔቪል ሄምስ


ሂንክሊ
ዲሴምበር 2 ቀን 1975

ለኔቪል ሄምስ

ሁሉን የሚያይ አምላክ እንደ ሥራህ ይስጥህ። ጉልበቴ እንደ ነበረ ነው።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እኔ ቀስ ብዬ እንደምጽፍ ታውቃለህ። አንተ ሃያ ወር ከቆየህ እኔ ሦስት ሳምንት ብቆይ አይፈረድብኝም።

ምልክት ያደረግሁበት ላይ ፈርሚ ትለኛለህ። ከዚህ በፊትም አንተ ያሳየኸኝ ቦታ ላይ ፈርሜ ነበር። አስከሬኑ መጥቶ የሞቱን ምክንያት የሚመረምረው ዳኛ ፊት የቀረብን ዕለት ነው። አንተ ቆመህ የልብሱ ማያ ቀዳዳ ጠባብ ነበር፣ ሮላንድ በደንብ አያይበትም ነበር፣ ከመድረኩ ጫፍ አልፎ የወደቀው ለዚህ ነው አልክ። ዳኛው ልብሱን ማን ሰፋው ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እናቱ ነኝ አልኩ። ጸሐፊው ጻፈው። አንብቢና ፈርሚ ሲለኝ መስመሩ ጠፋብኝ፤ አንተ ጣትህን ወረቀቱ ላይ አድርገህ "እዚህ ጋ፣ አክስቴ" አልከኝ። ፈረምኩ።

ወረቀቱ "በልብሱ የማያ ቀዳዳ መጥበብ ምክንያት የደረሰ አደጋ" ይላል። በቃሌ ይዤዋለሁ። ያን ጥቁር የስቶኪንግ ጨርቅ ከፋብሪካው ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ዓይኑን እንዳያይበት፣ እሱ ግን ሰውን እንዲያይበት፣ ሁለት ጣት በሚሰፋው ቀዳዳ ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እጆቹ ከውስጥ ስለነበሩ ሲወድቅ መሬት መያዝ አልቻለም፤ እጅ ማውጫ ያልሠራሁለትም እኔው ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ስቶኪንግ ስሰፋ ኖሬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ክር በመርፌ ማስገባት አልቻልኩም። ማንም አላስወጣኝም፤ ራሴ ሥራውን ተውኩት። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ከንፈር ይመጥጡልኛል። ካለፍኩ በኋላ የሚሉትን ደግሞ የማልሰማ ይመስላቸዋል።

አንተ ግን ከቀብሩ አንድ ስኒ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ሄድክ። መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ይጠብቅህ ነበር።

ስለ አልበሞቹ እንዲያ አድርገህ አትንገረኝ። ሁለተኛው የወጣ ዕለት ነፍሱን ይማረውና አጎትህ ዘፈኑ ሲጀምር ተነሥቶ ሻይ አፈላ፣ ጠጣ፣ ስኒውን አጥቦ ተመለሰ፤ ዘፈኑ አላለቀም ነበር። ሮላንድ ያን ቀን የሳቀው ሳቅ አሁንም ኩሽናው ውስጥ አለ።

አልፈርምም አላልኩም። መጀመሪያ ሁለት ነገር ጻፍልኝ። በዚያ ቀን ምን በላ? ወደ መድረኩ ከመውጣቱ በፊትስ ምን አለ? ደግሞ ልብሱን መልስልኝ። ደወሉ የኔ ነው።

የሮላንድ እናት
ዊኒፍሬድ ኦርጊል


ሞንትሪያል
ዲሴምበር 15 ቀን 1975

ውድ አክስቴ

የልደቱ በረከት በቤትሽ ይደር፤ አዲሱ ዓመትም ካለፉት ይሻልሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ አዘንኩ፣ ተናደድኩም። ዳኛው ፊት የተናገርኩት እውነት ነው። ቀዳዳው ጠባብ ነበር። የተጠየቅሁትን መለስኩ እንጂ ማን ሰፋው ብዬ ስም አላነሣሁም፤ ያን ያልሽው አንቺ ነሽ።

የበላው የተጠበሰ ድንች ነው፣ ከመንገድ ላይ ገዝቶ ከወረቀቱ። ምን አለ ላልሽው፣ ቀልድ ነበር። አላስታውሰውም።

ደወሉን ግን ልመልስልሽ አልችልም፤ በሥራ ላይ ነው። ሰምተሽ ይሆናል ብዬ ነበር። አዲስ ዘፋኝ ይዘናል፣ ቲዬሪ የሚባል የዚህ አገር ሰው። "የሰመጠው መንደር"ን ያለ ደወሉ ስናቀርብ ሰው ይቆጣል፤ የሚመጣው ደወሉ ሲራመድ ሊያይ ነው። ቲዬሪ ከሮላንድ ስለሚወፍር ጎኑን አስፍተንለታል። ቀዳዳውንም አስፍተነዋል፣ እጅ ማውጫም ተሠርቶለታል። አሁን ምንም አደጋ የለውም፤ አታስቢ።

ኩባንያው እየጠበቀ ነው። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ፈርመሽ ላኪልኝ። የድርሻሽ ነገር ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ።

ኔቪል


ሂንክሊ
ጃንዋሪ 20 ቀን 1976

ለኔቪል ሄምስ

እግዚአብሔር የሚሰማ ጆሮ ይስጥህ፤ ለሌላው ሁሉ ጊዜ አለው።

"ቀዳዳውን አስፍተነዋል፣ አታስቢ" ያልከውን ሳነብ ወረቀትህን ከሰል መያዣው ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ አውጥቼ አራገፍኩት። ልጄ የሞተበትን ልብስ ሌላ ሰው ለብሶት ይጨበጨብለታል ማለት ነው። ከልብሱ አውጥታችሁ ያነሣችሁት እናንተ ናችሁ፤ መልሳችሁም ሌላ ሰው ከተታችሁበት።

ቴፑን ማዳመጥ አልፈልግም ነበር። ደብዳቤህ ነው ያስደመጠኝ። ማጫወቻ ስለሌለኝ እሁድ ከሰዓት ሲሪል ቢዝሊ ቤት ሄድኩ። ሲሪልን አልረሳኸውም መቼም። በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት የእኛ ጠሪ እሱ ነበር፤ ዙሩን የሚያስጀምር፣ የሚያስለውጥ፣ በመጨረሻም "ቁም" የሚል። አንተንና ሮላንድን ገመድ ያስያዛችሁ እሱ ነው። ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ደወሉን በቴፕ እየቀዳ ማን እንደሳተ ያዳምጣል።

መጀመሪያ ላይ ያለውን ሁከታችሁን ሲሰማ "ዊኒ፣ እነዚህ ልጆች እየዘፈኑ ነው ወይስ ቤት እየለቀቁ?" አለኝ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር። ከዚያ ደወሉ የሚራመድበት ቦታ ደረሰ።

ያን ዜማ ከደወል ቤታችን ነው የወሰዳችሁት። ሰባት ደወል ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ሲደወል አንድ ዙር ነው። አንድ ዙር፣ አንድ እርምጃ። ልብሱ ጉልበቱን ስለሚይዘው እርምጃው ከአንድ ጫማ አይበልጥም። ሃያ አንድ ዙር ሲሞላ አንተ በእግርህ የኦርጋኑን ወፍራም ድምፅ ትረግጣለህ፣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ይቆማል። ከመድረኩ ጫፍ ሦስት ጫማ ይቀረዋል። ይህን ከየት አመጣሽው እንዳትለኝ። በጓሮዬ ነው የተለማመዳችሁት። አንተ መስኮቱን ከፍተህ ፒያኖዬን ስትመታ፣ እሱ ከልብስ ማጠቢያው ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሲመጣ፣ መሬቱን በኖራ ያሰመርኩላችሁ እኔ ነኝ።

ሌስተር ከተማ ስታቀርቡት ደግሞ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ትርዒቱ ሳያልቅ ወጣች ብላችሁ ስታሾፉብኝ ከረማችሁ። ወደ ጫፉ ሲመጣ ማየት ስላልቻልኩ ዓይኔን ጨፍኜ ቆጠርኩ። ሃያ አንድ ላይ ወፍራሙ ድምፅ መጣ። ዓይኔን ስገልጥ ቆሟል። ያን ጊዜ ነው ወጥቼ ውጭ ያስመለሰኝ።

አሁንም ቆጠርን። ሲሪል በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ፣ እኔ በእግሬ። ሃያ አንድ ላይ ወፍራሙ ድምፅ አልመጣም። ሃያ ሁለት ላይም አልመጣም። ሲሪል ጣቱን አንሥቶ አየኝ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት። ሃያ አምስተኛው ዙር ሳያልቅ ሌላ ድምፅ ተሰማ። ምን እንደሆነ አልጽፍም። ወፍራሙ ድምፅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎ ጭብጨባ አለ። ሰዎቹ የተውኔቱ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። ረጅም ጭብጨባ ነው፤ አንዱ በፉጨት ያጅበዋል።

ሲሪል ቴፑን መልሶ መልሶ አስጀመረው። አራት ጊዜ ሰማነው፤ አራቱንም ጊዜ ሃያ አምስት ነው። በመጨረሻ "ዊኒ፣ ጠሪው አልጠራም" አለኝ።

ስለዚህ እጠይቅሃለሁ። እነዚያ አራት ዙሮች ምንድን ናቸው?

ዊኒፍሬድ ኦርጊል


ሞንትሪያል
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1976

አክስቴ

ለጤናሽ የምመኘውን በጎ ምኞት ሁሉ ተቀበይ። ከዚህ በታች ያለው ደስ አያሰኝሽም።

ስለ ሙዚቃ ከስቶኪንግ ሰፊና ከአንድ ሽማግሌ ገመድ ጎታች ትምህርት አልወስድም። መድረክ የሒሳብ ደብተር አይደለም። አንድ ቀን እናረዝማለን፣ አንድ ቀን እናሳጥራለን፤ ሰው እንደ ሞቀው ነው። ሮላንድም ሲያረዝም ነበር። አንድ ቃል ይዞ አምስት ደቂቃ ሲጮህ እኛ ጣታችን እስኪደነዝዝ እንጠብቀው ነበር፤ ማንም ስንት ዙር ሆነ ብሎ አልጠየቀውም።

ደግሞስ ቢረዝምስ? ሕፃን አልነበረም፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። መቁጠር ከኔ ባላነሰ ያውቅ ነበር። ሃያ አንድ መሙላቱን ካወቀ ለምን አልቆመም? ማየት ስላልቻለ ነው። ማየት ያልቻለው ደግሞ በማን ስፌት እንደሆነ ዳኛው ጽፎታል።

እውነቱን ልንገርሽ። እጅሽ የሠራውን መሸከም አልቻልሽም፤ አሁን የምትሰቅይበት ትከሻ ትፈልጊያለሽ። እኔን አገኘሽ። ልብሱን በፈለግሽው መጠን ብትወጂው እሱ አይወደውም ነበር። ይሞቀዋል፣ ያሳክከዋል። ከመውጣቱ በፊት ምን ይል እንደነበር ታውቂያለሽ? "እናቴ የሰፋችልኝ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ልግባ" ይል ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር። ልትሰሚ ፈልገሽ ጠየቅሽኝ፤ ይኸው።

ፈርሚ ወይም ተይው። የኩባንያው ጠበቃ ከዚህ በኋላ ራሱ ይጽፍልሻል።

ኔ. ሄምስ


ሂንክሊ
ማርች 1 ቀን 1976

ለኔቪል ሄምስ

ምላስህን እግዚአብሔር ይጠብቅልህ፤ አንተ አልጠበቅኸውም።

የሬሳ ሣጥኑን ቀልድ አውቀዋለሁ። ጓሮው ውስጥ መጀመሪያ ለእኔ ነው የቀለደው። ሊያጠልቅ ሲል ጎንበስ ብሎ "እማ፣ የሬሳ ሣጥኔ ብብቱ ጠበበኝ" አለኝና አሰፋሁለት። ከእኔ ሰርቀህ እኔን ልትወጋኝ አትድከም።

ለምን አልቆመም ትላለህ። የጠፋህ ይመስል። በደወል ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ሕጎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ አንተም እሱም ከሥራቸው ቆማችሁ አድጋችኋል። አንዱ፣ "ቁጥርህ ቢሞላም ጠሪው ቁም ሳይል አትቁም" ይላል። ሌላው፣ "ዙሩን የሚለውጥ ጠሪ አስቀድሞ ይናገር" ይላል። እሱ አንደኛውን ጠበቀ። ያንተ ሁለተኛው ነበር።

ዳኛው ፊት ረስቼው የነበረ ሌላም ነገር አለ። ሐዘን ያስረሳል። ሮላንድ በዚያ ቀዳዳ አያይም ነበር። የመድረኩ መብራት በስቶኪንጉ ሲገባ ያዞረው ስለነበር ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚራመደው። ጓሮው ውስጥ ነገረን። እኔ እንዳይወድቅ ፈርቼ ቀዳዳውን ላስፋልህ ስለው፣ "ተይው እማ፣ ኔቪ ቁም እስኪለኝ ነው የምሄደው" አለኝ። አንተ መስኮቱ ላይ ነበርክ። "አደራህን፣ ገፍቼህ ጎመኑ ውስጥ እንዳልከትህ" ብለህ ስቀህበታል። ቀዳዳው የበር ያህል ቢሰፋ ለውጥ አልነበረውም፤ አንተ ይህን እያወቅህ ነው ዳኛው ፊት የቆምከው። እኔም የገዛ ጆሮዬን ትቼ አንተን ሳምን ሁለት ዓመት ኖርኩ።

አልፈርምም። በእጅህ ጻፈው። የሆነውን እንደሆነው ጻፈው። እስከዚያ ድረስ መልስ አልጽፍልህም።

ዊኒፍሬድ ኦርጊል


ሞንትሪያል
ሜይ 17 ቀን 1976

አክስቴ

ሰላምታ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ቀደድኳቸው። ያለ ሰላምታ ተቀበይኝ።

ያን ቀን ምን እንዳለ አስታውሳለሁ። ከመድረኩ ጀርባ ባለው ኮሪደር ከበሮ መቺያችንና ጊታር ተጫዋቹ ልብሱን ሲያለብሱት ቆሜ ነበር። ጠዋት የወጣ ጋዜጣ ስለ እኛ ሁለት ዓምድ ጽፎ ስለ ኦርጋኑ አንድ ቃል አላለም፤ የደወሉ ፎቶ ብቻ ነው ያለው። እኔ ተከፍቼ ነበር፤ እሱም አወቀ። ጭንቅላቱ ሊገባ ሲል "ኔቪ፣ አይክፋህ፤ አንተ ብቻህን ስትጫወት ሕዝቡ ሽንት ቤት የሚሄድበት ጊዜ አገኘ። ያላንተማ ይፈነዱ ነበር" አለ። ከበሮ መቺው ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መድረክ ላይ ወጥቼ ሃያ አንድ ስቆጥር እግሬ ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነበር። አልረገጥኩትም። ሽንት ቤት የሄዱት እስኪመለሱ ይጠብቀኝ ብዬ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ እንደሆነ አውቃለሁ። ቁም ካላልኩት እንደማይቆምም አውቃለሁ። ሦስት ዙር ብዬ ነበር አክስቴ። ሦስት ጫማ እንዳለው አውቃለሁ። ጫፉ ላይ አድርሼው፣ የጫማው አፍንጫ ባዶውን ሲነካ ቁም ልለው፣ ከትርዒቱ በኋላ ደግሞ "አሁንስ ማን ነው ሽንቱ ያመለጠው?" ልለው። ያሰብኩት ይህን ነበር።

ሦስተኛው ላይ ቀኝ እጄ አንድ ነገር አመጣች። ከዚያ በፊት ተጫውቼው የማላውቀው፣ ከዚያም በኋላ ፈልጌ ያላገኘሁት። ቆንጆ ነበር። ብቆም ይቆረጣል። እስክትጨርሰው አንድ ዙር ሰጠኋት።

ከዚያ ያለውን ሰምተሻል። ሲያጨበጭቡ ለእኔ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ እጅ ነሣሁ።

ዳኛው ፊት ስለ ቀዳዳው የተናገርኩት ቀድሜ አስቤበት አይደለም። አንድ ጠበቃ ልብሱን አንሥቶ ሲያሳይ ከተቀመጡት አንዱ ቀዳዳው ጠባብ ነው አለ፤ እኔም ያዝኩት። ከያዝኩት በኋላ መልቀቅ አልቻልኩም። ወረቀቱ ላይ ጣቴን ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ኩባንያው አራቱን ዙር ቆርጠን እናውጣ ብሎኝ ነበር። አይቆረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ቆንጆው ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ነው። አንቺ ትቆጥሪያለሽ ብዬ አላሰብኩም። ወይም አስቤ ይሆናል፤ አላውቅም።

ደወሉን በመርከብ ልኬልሻለሁ። ቲዬሪ ተቆጥቶ ባንዱን ትቶ ሄዷል፤ እኛም ያለ ዘፋኝ ባንድ አይደለንም። በዚህ ደብዳቤ የወደድሽውን አድርጊ። ይቅርታ አልለምንሽም።

ኔቪል ዌስሊ ሄምስ
በገዛ እጄ ጻፍኩት


ሂንክሊ
ጁን 20 ቀን 1976

ለኔቪል ሄምስ

ያስጻፈህ አምላክ ይመስገን። አንተን አላመሰግንህም።

ልብሱ ደርሶኛል። ቀዳዳውን ያሰፋው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስፌቱ የድንች ጆንያ ስፌት ነው። አንሶላ አልብሼ ዕቃ ቤት አስቀምጬዋለሁ። ማንም አይለብሰውም።

ማክሰኞ ዕለት ሲሪል ይዞኝ በአውቶቡስ ዳኛው ቢሮ ሄድን። ያ የጻፈው ጸሐፊ አሁንም እዚያው ነው። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሁለተኛውን ጊዜ መነጽሩን ጠርጎ ነው ያነበበው። መዝገቡ እንደገና ሊከፈት እንደሚችል ነገረኝ። ይጠሩሃል። ስትጠራ ና፤ ወደ ቤቴ ግን አትምጣ። ቴፑንም ለእነሱ ሰጥቻለሁ። የኩባንያውን ወረቀት ሳልፈርም ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ።

ቆንጆ ነው ያልከውን ሰምቼዋለሁ። እውነትህን ነው። የዚያን እሁድ ሲሪል ገና ሳይገባው "እዚህ ጋ ኔቪ ጎበዝ ነው" ብሎ ነበር። ከዚያ የተናገረው ገባውና ማሽኑን አጥፍቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቆንጆ ነው። ማንም አይገዛውም።

ጸሐፊው ከመውጣቴ በፊት የምትጨምሪው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀት ስጠኝ አልኩት። አንድ ገጽ ስጽፍ ምሳ ሰዓቱ አለፈ፤ ሳንድዊቹን እፊቴ ተቀምጦ በላ። ሲያነበው ቆየና መለሰልኝ። "ይህ ለጉዳዩ አይጠቅምም፣ እመቤት። እንዲህ ያለ ነገር አንመዘግብም" አለኝ። ላንተ ልኬዋለሁ። ይቅር ብዬህ አይደለም፤ ይቅር አላልኩህም። የሚረዳው ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። ሲሪልም አንብቦታል፤ እሱ ግን ራሱ ነገሩ ውስጥ ያለበት ሰው ስለሆነ አይቆጠርም።

ገጹ ይህ ነው።

"ሮላንድ ኦርጊል አሥር ዓመቱ ነበር። የመከር በዓል እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልልቆቹ ጋር ደወል ጎተተ። እኔ አጠገቡ ባለው ገመድ ነበርኩ። ጠሪው ሲሪል ቢዝሊ ነበር። በመካከሉ ልጁ ዙሩ ሞላ ብሎ ደወሉን አቆመና እጁን አወረደ። ሌሎቹ ተደናበሩ፤ ደወሎቹ እርስ በርስ ተጋጩ። ከታች በደጁ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ፤ ሲስቁም ሰማሁ። አፈርኩ። በገመዱ ጫፍ ጣቶቹን መታሁት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሁለት ጊዜ። መቁጠርህን ማን ጠየቀህ፣ ቁም እስክትባል ትሄዳለህ አልኩት። አላለቀሰም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይጠራ ቆሞ አያውቅም።

በማግስቱ ሲሪል ቤቴ ድረስ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ ቆሞ፣ ቁጥሩ የጠፋው ከእሱ ከራሱ እንደነበር ነገረኝ። ዙሩ ሞልቶ ነበር። ትክክል ልጁ ነው፣ ንገሪው አለኝ። እሺ፣ እነግረዋለሁ አልኩ።

አልነገርኩትም።"

ዊኒፍሬድ ኦርጊል